የበርጫ ላይ ቃል

ሸዋገነት ለሽርሽር ድሬዳዋ በመጣች በሦስተኛው ቀን ባሏንም፣ ባለጋሪውንም፣ ፈረሱንም አንድ ላይ ልትሰድብ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ፈረሱ ምን በደላት? ምንም። ግን እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል፣ ተረከዙን ረግጣ እንደ ሸበጥ ትጎትተዋለች። የግንቦት ፀሐይ አናቷን ይቀቅላታል። ባሏ ክፍሉ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጦ ጣቱን እየቀሰረ፣ «ያውልሽ የፈረንሳዮቹ ቤት! ያውልሽ ሲኒማ ቤቱ! ዛፉን እይው እስቲ፣ ጥላውን!» ይላታል። ሆድ ለባሰው ሰው ዛፍ ያሳዩታል?

«አየሁት» አለች።

«ከዚራ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። አዲስ አበባም እንዲህ ያለ መንገድ የለም ይላሉ።»

«ጠየቅኸው ወይ?»

ክፍሉ የቀሰረውን ጣት አጠፈ። «ሰውዬው ትናንት እንግዳ ነበረበት። ነገ ሲቀዘቅዝ እጠይቀዋለሁ።»

ድሬዳዋ ላይ በግንቦት የሚቀዘቅዝ ነገር ካለ ክፍሉ ራሱ ያሳያት። ሸዋገነት ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ዝምታዋን የማያውቅ ሰው ተስማማች ይላል። ባለጋሪው ግን ሚስት ያለው ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ዘወር ብሎ አያትና ፈረሱን ቸብ አደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ሲወጣ በረሃው መሀል ካለች አንዲት ጣቢያ ይኖራሉ። ጣቢያ ትባል እንጂ ሁለት የድንጋይ ቤትና አንድ የውኃ ታንከር ናት። ውኃው ራሱ የሚመጣው በባቡር ነው፤ ባቡሩ ሲዘገይ ሰውም ፍየልም አንድ ላይ አንገቱን ወደ ሐዲዱ ያሰግጋል። ሸዋገነት ከቡልጋ ተድራ እዚያ ስትወርድ ገና ልጅ እግር ነበረች። ሙቀቱንም፣ አቧራውንም፣ ጊንጡንም ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነው።

በዚያች ጣቢያ ሁለት ልጅ አጥታለች። የመጀመሪያው ሲመጣ ምጡ አመሻሽ ላይ ጀመራት። የዕቃ ባቡሩ እያፏጨ ሳይቆም አለፈ። የሰው ባቡር የሚመጣው በማግሥቱ ነበር፣ ልጁ ግን ማግሥቱን አልጠበቀም። ሁለተኛዋ በደኅና ተወለደች፣ ሳቀች፣ ጥርስ አወጣች፤ ኋላ ትኩሳት ያዛትና ወደ ድሬዳዋ ሆስፒታል ሲያመጧት ባቡሩ ላይ፣ እናቷ ጭን ላይ አለፈች። አሁን ሸዋገነት ሦስተኛውን አርግዛለች፣ ሆዷም ገፍቷል። ይህን ልጅ እዚያ በረሃ አልወልደውም ብላለች። ብላለች ማለት ለነገሩ ያህል ነው እንጂ፣ ምላለች።

ታዲያ ጥር ላይ ክፍሉ የሥራ ዕቃ ሊረከብ ብቻውን ድሬዳዋ ወርዶ አቶ ወልደ ማርያም ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀ። ወልደ ማርያም ሠራተኛ በሚመደብበት ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ዓይኑ ሳቂታ፣ እጁ ለጋስ፣ ያላወቀውን ሰው ሲያቅፍ የወንድም ያህል የሚያቅፍ። ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ በርጫ ሲቀመጥ፣ ማለት ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሻይና ቀዝቃዛ ውኃ ቀርቦ፣ ጫት እየተቃመ ጨዋታው ሲደራ፣ ክፍሉን ከጎኑ አስቀመጠው። ምርቃናው ሲመጣለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አንተን የመሰለ ሰው በረሃ ውስጥ ይደርቃል? ባቡር መጠገኛው አስገባሃለሁ! ከክረምት በፊት! በሠራተኛው ሰፈር ቤት አለ፣ ቁልፉን እጅህ እንደገባ ቁጠረው። ሚስትህን ይዘህ ና!» አለው።

ክፍሉ ደገኛ ነው። በእሱ አገር ትልቅ ሰው በሰው ፊት ደረቱን ይዞ የተናገረው ነገር ከተማለ አይለይም። በርጫ ላይ የተሰጠ ቃል ውጭ ሲወጣ ስንት እንደሚመነዘር የነገረው ሰው አልነበረም። ከባቡሩ ገና ሳይወርድ በመስኮት፣ «ሸዋ! ቤት አገኘን!» እያለ ነው የደረሰው። እሷም አመነች። ዶሮዎቿን፣ ፍየሏን፣ ትልቁን ድስቷን ለጎረቤቷ ለማርያን ሰጠች። ማርያን የሶማሌ ሴት ናት፣ በሁለቱም ልጆች አብራት ያለቀሰች። ወተት አጠጥታ፣ ሆዷን ዳብሳ፣ መርቃ አሰናበተቻት። እንግዲህ የዓመት ፈቃዱ ሲደርስ ተሳፍረው የመጡት ሰው ሲጠይቃቸው «ለሽርሽር» ይበሉ እንጂ፣ በሸዋገነት ልብ ቤት ልትረከብ ነው።

የሽርሽሩን ነገር ካነሳን አይቀር፣ እንዲህ ነበር። ጠዋት ክፍሉ «አንድ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ ፊቱ ተሰብሮ ይመለስና ጋሪ ይጠራል። ከዚራ፣ ቀፊራ፣ ጣቢያው፣ የጥጥ ፋብሪካው በር፣ የዳቻቱ አሸዋ። ወንዝ ነው ይሏታል፣ ውኃ የለውም። ከቀትር በኋላ በርጫ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደግሞ ክፍሉና ወልደ ማርያም ዓይናቸው በርቶ፣ ልባቸው ሞልቶ ይመጡና «በይ ተነሺ፣ ጨብሲ እንሂድ!» ይሏታል። ጨብሲ ማለት የጫቱን ምርቃና በመጠጥ የሚሰብሩበት ነው። ቀን ሲገነቡት የዋሉትን ማታ ያፈርሱታል። በመሀሉ ሸዋገነት በአበጠ እግሯ ከቡና ቤት ቡና ቤት ትንከራተታለች። በየሄዱበት፣ «ጠየቅኸው?» ትለዋለች። «ነገ» ይላታል።

ያረፉት መጋላ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም ከምትሸጥ ዚነት ከምትባል ሴት ግቢ ነው። ዚነት የሐረር ልጅ ናት፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር። በዚያ በጋሪው ቀን፣ ክፍሉ ወደ በርጫው ሲሄድ፣ ሸዋገነት እግሯን የጨው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ግቢው ውስጥ ቁጭ አለች። ዚነት ከፊቷ በሰፌድ ኮረሪማ ትለቅማለች።

«አቦ፣ ሸዋ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? ለሽርሽር መጥታችሁ የለ?»

«ሽርሽር! እትዬ ዚነት፣ እኔ ቤት ልረከብ ነው የመጣሁት።» አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ዚነት እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳች። «ሰውዬው ቃሉን የት ነው የሰጠው?»

«እዚሁ ነዋ፣ ድሬ።»

«እሱማ ገባኝ። ቢሮ ነው በርጫ ላይ?»

«በርጫ ላይ።»

«ያ ረቢ!» ዚነት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «ወላሂ እህቴ፣ ክፉ ልነግርሽ አልፈልግም። በዚች ከተማ ከቀትር በኋላ ድሃ የለም። ስንቱ በርጫ ላይ ፎቅ ሠርቷል፣ ስንቱ መርከብ ገዝቷል! ማታ ሲሆን ፎቁም የለ፣ መርከቡም የለ። ማንም ማንንም አይከስስም፣ ሁሉም ያውቀዋላ። እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ ማን ይንገራችሁ?»

«እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው እኮ!»

«እጁማ የት ይሂድ?»

ሸዋገነት በዚነት ተናደደች። እውነት ሲሰማ መጀመሪያ የሚያናድደው የተናገረው ሰው ነው። ውኃውን ደፍታ ልትነሳ ስትል ዚነት ክንዷን ያዘቻት። «እኔን ብትቆጪኝ ምን ይጠቅምሻል? ስሚኝ። ይቺ የያዛችኋት ክፍል ክረምቱን ባዶዋን ናት። ቅመም መልቀም፣ መውቀጥ ትችያለሽ። እኔም እጄ ደክሟል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ኢንሻላህ ቤቱ ከተገኘ ደግ፤ ካልተገኘ ግን በር ዘግቼብሽ አላድርም።»

ሸዋገነት ግን እውነቱን ከባሏ አፍ ልትሰማው ፈለገች፤ አንድ ቀን ጨመረችለት። ያን አንድ ቀን ክፍሉ ምን አደረገበት? ፎቶ ቤት ወሰዳት። ባለፎቶው ሐይቅና መርከብ የተሳለበት መጋረጃ ፊት አቁሟቸው፣ «እመቤቴ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አላት። አላለችም። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ክፍሉ ጥርሱን ሁሉ አሳይቷል፣ እሷ መርከቡን ልታሰጥመው የመጣች ትመስላለች።

የመጨረሻዋ ማታ ወልደ ማርያም አንድ ግሪክ ወደሚያስተዳድረው ቡና ቤት ወሰዳቸው። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ዛፎቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል ተሰቅሏል፣ አንድ ሽማግሌ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ከጎኑ ከበሮ የሚመታ አለ። ከተራራው በኩል ነፋስ ገባ፤ በስንት ቀኑ የሚተነፈስ አየር። ለሸዋገነት አራንቻታ የሚሉት የብርቱካን ለስላሳ ቀረበላት፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጣችው። ክፍሉ ተነስቶ እዚያ ካገኛቸው የሐዲድ ጓደኞቹ ጋር ሲደንስ፣ መዶሻ እንደሚያነሳ ሰው ትከሻውን ሲያወጣ ሲያወርድ አይታ ሳቀች። ሳቀች፣ ከዚያ በሳቋ ተናደደች። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ክፍሉ ላብ በላብ ሆኖ መጥቶ ከጎኗ ዘፍ አለ። ደክሞታል። እሷም ደክሟታል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ይህን ሽርሽር የወደደው አይመስልም።

«አቶ ወልደ ማርያም» አለች፣ «ያ ቤት የት ጋ ነው? ነገ ከመሳፈራችን በፊት በውጭ እንኳ ልየው።»

ክፍሉ ያነሳውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ። «ሸዋ፣ አሁን ተይ፣ እየተጫወትን…»

«አንተን አላናገርኩም።»

ወልደ ማርያም ምርቃናው ከላዩ ወርዶ ነበር። ቀን የሚስቀው ዓይኑ ፈዟል። «የቱን ቤት?» አለና ክፍሉን አየው። ክፍሉ ጠረጴዛውን ያያል። «አልነገርካትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ቦታው እኮ ከፋሲካ በፊት በሌላ ሰው ተይዟል። በመጣችሁ ማግሥት ቢሮዬ መጥቶ ነግሬዋለሁ።»

«በየቀኑ በርጫ ላይስ ምን ስትባባሉ ነበር?»

ሰውዬው አፈረ፤ ማፈሩን ይመረቅለት። «በርጫ ላይማ… ሰው አንገቱን ደፍቶ አጠገብህ ሲቀመጥ ምን ትለዋለህ? አይዞህ፣ እናስተካክለዋለን እለዋለሁ። ያኔ ስለው ከልቤ ነው። ጠዋት ቢሮ ሲመጣ ግን የሌለውን ከየት ላምጣለት? በርጫ ላይ የተባለን ደግሞ ማን ይይዛል፣ እህቴ?»

«እኔ ያዝኩት!» ሸዋገነት ተነሳች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «እኔ ያዝኩት፣ አቶ ወልደ ማርያም! ፍየሌን ሰጠሁበት! ጎረቤቴ መርቃ ሸኘችኝ! ሆዴን ይዤ መጣሁበት! እርስዎ ጫትዎን ሲተፉ ቃሉንም አብረው ተፉት፣ እኔ ምን ልትፋ?»

አኮርዲዮኑ ቆመ። የሐዲድ ሰዎቹ ቢራቸውን ይዘው ዞሩ። ክፍሉ ክንዷን ሊይዝ ሞከረ። «ሸዋ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ! ስንት ቀን አወቅህና ዝም አልክ?»

«በየቀኑ እሺ ይለኛል፣ በየጠዋቱ የለም ይለኛል። ዛሬ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል እያልኩ…» ድምፁ አነሰ። «ደግሞም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በረሃ አስቀምጬሽ ከተማ አይተሽ አታውቂም። አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ይበልሽ ብዬ።»

ከስድብ ይልቅ ያማት ይህ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«አይቻለሁ!» አለች። «ድሬዳዋን አይቻታለሁ እኔ! የሞተች ልጄን ታቅፌ ከባቡር ስወርድ አይቻታለሁ። ከጣቢያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ይህን ሁሉ ቀን ዛፍ ስታሳየኝ፣ ሲኒማ ስታሳየኝ፣ ጋሪውን አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ አላዞርከውም!»

ወልደ ማርያም ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ ሲል ተሰማ፤ እንግዲህ እሱ የሚችለው ያንን ነው። ሸዋገነት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ እስከ መጋላ ሄደች። ክፍሉ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት። ጋሪ መጣ፣ አልጠሩትም። ያን ሌሊት እሷ ግድግዳው ጥግ፣ እሱ በሩ ጥግ አደሩ።

ጠዋት ጣቢያው ሲደርሱ ባቡሩ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ክፍሉ ሻንጣውን አስገብቶ የእሷን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ እጇ ባዶ ነው።

«ዕቃሽስ?»

«ዚነት ቤት ነው።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። «እዚህ ማን አለሽ?»

«እዚያስ ማን ነበረኝ?»

«እኔስ?» አለ ክፍሉ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ሆኖ።

ሸዋገነት ማታ ያልጨረሰችውን ቁጣ ገታ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች። «ልጁ የሚወለደው እዚህ ነው። ከእንግዲህ ቃል አልጠብቅም፣ ያንተንም፣ የማንንም። ከፈለግህ ሻንጣህን አውርድና አብረን እንመለስ። የምትሠራበት እጅ አለህ፣ ጡብ ተሸክመንም ቢሆን እንኖራለን።»

«ሥራዬስ? ነገ ካልተገኘሁ ያባርሩኛል።»

«እንግዲህ ምረጥ።»

ደወል ተደወለ። ክፍሉ ባቡሩ ላይ ወጣ። ባቡሩ ተንቀጠቀጠና መሄድ ጀመረ፤ ክፍሉ በሩ ላይ ብረቱን ይዞ ቆሟል፣ አንድ እግሩን ወደ ታችኛው ደረጃ አውርዷል፤ መሬቱ ቅርብ ነው፣ ባቡሩም ገና ሰው እየተራመደ የሚደርስበት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሸዋገነት ይወርዳል ብላ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይወርዳል ብላ ነበር። ሁለት እርምጃም ወደ ፊት ሄደችለት። ክፍሉ እግሩን መልሶ ሰበሰበው። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ጮኸ፣ ፉጨቱ ዋጠው። ባቡሩ ከዓይን እስኪጠፋ ቆመች፣ ከዚያ ከፊቷ የተዘረጋውን ሐዲድ፣ ክፍሉ ዕድሜውን የሰጠውን ሐዲድ፣ እጇ እስኪዝል በድንጋይ ብትቀጠቅጠው ደስ ባላት። ድንጋይ አላነሳችም። ወደ ቀፊራ ሄደች፤ ዚነት ቦታ ለቀቀችላት፣ ኮረሪማውን ለቀመች።

ክረምቱን ስትወቅጥ፣ ስትነፋ፣ ከገበያተኛው ጋር ስትከራከር ሰነበተች። በቀፊራ «ቁጡዋ አማራ» የሚል ስም ወጣላት፤ እሷም አልተቃወመችውም። በመስከረም ምጡ ሲጀምራት ዚነት ጋሪ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰቻት። ወንድ ተወለደ፣ ጩኸቱ ኮሪደሩን የሚሞላ።

ክፍሉ ወሬው ሲደርሰው በመጣው ባቡር ተሳፍሮ መጣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግባ እስኪባል በሩ ላይ ቆመ። ሸዋገነት ልጁን አጥብታ ከጨረሰች በኋላ «ግባ» አለችው። ልጁን አቀፈና ትንሿን እጅ አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ነርሷ እስክትወጣለት ድረስ። ሸዋገነት አላለቀሰችም። ልጁ እንዳይወድቅ ከሥር እጇን ዘርግታ ባሏን ታየዋለች። ገና አልበረደላትም ነበር።